እንቅልፋሙን ማን ያዘዋል

እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን
ከሱቁ ጀርባ

ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናሽ እጠይቃለሁ። ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? አረጋውያኑን ከአልጋ ስታነሺ ጉልበትሽን እጠፊ እንጂ ወገብሽን አትጠፊ ብዬሽ ነበር። እኔ በቅርጫት ልብስ የደረሰብኝን አውቃለሁ፤ ሰው ደግሞ ከልብስ ይከብዳል።

እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፣ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ደህና ነን የሚለውን ቃል ባለፈው ቅዳሜ በስልክ አላግባብ ጨርሼዋለሁ። በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ስትደውዪ ልጅሽ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር አጣብቃ ነው የምታዳምጠው፤ ያንቺን ድምፅ ስሰማ ደግሞ ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ስልክ እንዳታነሺ አደራ።

ነገሩ የተጀመረው አንቺ ለሥራ በሄድሽ ሰሞን ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሱቁ በር ላይ ቁጭ ትልና መንገዱን ታያለች። ቢያወሯት አትመልስም። አባቷ ትቷችሁ የሄደ ጊዜ ያባበልሻት አንቺ ነበርሽ። አሁን ማባበሉ ለእኔ ቀረ፤ እኔ ደግሞ ሸሚዝ ከመተኮስ በቀር ምን አውቃለሁ? እናትሽ ብትኖር ኖሮ ታውቅበት ነበር። አንድ ቀን አንሶላ እያጣጠፍኩ ሳለሁ ሳላስበው፣ "የዝገት ንጉሥ የሚባል አለ" አልኳት። ፊቷን ከመንገዱ ወደ እኔ መለሰች። ስንት ቀን ፊቷን ሳላየው ቆይቼ ነበርና ወሬውን ማቆም አቃተኝ።

የዝገት ንጉሥ ምስማር የሚበላ፣ ቁልፍ እንደ ከረሜላ የሚመጥ ክፉ ነው። ከተማ የሚወርሰው በጦር አይደለም፤ የበሮቹን ማጠፊያ አዛግቶ ሰዉን በየቤቱ ያስቀራል። በሌላ ቀን ደግሞ እንቅልፋሙን ጨመርኩላት። እንቅልፋሙ ከተራሮች በፊት የነበረ ነው። ከምድር በታች ተኝቷል። ፊት የለውም፣ ስምም የለውም፤ እንቅልፋሙ የምንለው ሌላ የምንለው አጥተን ነው። ሲገላበጥ ከላዩ ያለው ሁሉ ይፈርሳል፣ እሱ ግን ማፍረሱን እንኳ አያውቅም።

ልጅሽ ነፍስ ዘራች። ከአንሶላው ክምር ላይ ወጥታ ትቀመጥና ጥያቄዋን ትጀምራለች፤ ምስክር ሳታስቆም አትለቅም። መንደሩ ሁሉ ዳኛዋ ማለት የጀመረው ያኔ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣

"አባባ፣ ንጉሡ እንቅልፋሙን ያዘዋል?" አለችኝ።

"እንዴት ማለትሽ ነው?"

"'ያችን ከተማ አፍርስ' ቢለው ይሰማዋል ወይ?"

አላሰብኩበትም ነበር። ጎረቤታችን ጫማ ሠሪው ሸሚዙን ሊወስድ መጥቶ ቆሞ ነበርና እሱ ቀደመኝ። "አያዘውም" አለ፣ ነገሩን ሲያስብበት የቆየ ሰው ይመስል። "አሮጌ ክፉ ለአዲስ ክፉ ከመቀመጫው አይነሣም። እኔ አማቴን ስንት ዓመት አይቻቸዋለሁ።"

የመድኃኒት ቤቷ ሴት ነጭ ጋዋኗን ልታሳጥብ ይዛ ስትገባ ሰማችው። "ያዘዋል እንጂ" አለች። "ካብ ለካብ ይተያያል፣ እባብ ለእባብ ሲባል አልሰማህም? ክፉዎች ባይግባቡ ኖሮ እኛ መቼ እንዲህ እንሆን ነበር?"

ዳኛዋ ሁለቱንም በየተራ ሰማች። "ንጉሡ የሚያዘው ብረት ነው" አለች። "እንቅልፋሙ ብረት አለው?"

"የለውም" አልኩ።

"ጆሮስ?"

"ፊት የለውም ብዬሻለሁ።"

"ታዲያ በምኑ ይሰማዋል?"

ጫማ ሠሪው እየሳቀ ሸሚዙን ረስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ልብሱን ሊወስድ የመጣ ሰው ሁሉ ድምፁን ሳይሰጥ አይወጣም ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሱቃችን እንዲያ ተሟሙቆ አያውቅም። እኔም ልቤ አበጠ፤ በስተርጅና ወሬ አዋቂ የሆንኩ መሰለኝ።

በመጨረሻ ፍርዱን ከእኔ ጠበቀች። ለወሬው የሚያምረውን መረጥኩ። "አያዘውም" አልኳት። "እንቅልፋሙን የሚያዘው የለም።"

በማግስቱ ጠዋት ከሱቁ በታች፣ ምድር ቤት ያለው የውሃ ማፍያ ቦይለር እንደ ልማዱ አጓርቶ ሲነሣ ወለላችን ነዘረ። አንቺም በዚያ ድምፅ ነው ያደግሽው፤ ልብ ብለሽው አታውቂም። ልጅሽ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እግሯን መሬት ማስነካት ተወች። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ልብስ ከረጢቱ እየዘለለች ትሄዳለች። መጀመሪያ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ስጠይቃት፣ "የሚያዘው ከሌለ 'ተኛ' የሚለውም የለም ማለት ነዋ" አለችኝ።

ስለዚህ ፍርዴን ገለበጥኩ። ተሳስቼ ነበር፣ ንጉሡ ያዘዋል፤ "ተኛ" ካለው ይተኛል አልኳት። በምን እንደሚሰማው ጠየቀችኝ። በብረት፣ ከመሬት በታች በሚሄዱት ቱቦዎች በኩል አልኳት። ከቤታችን ቱቦ አንዱን ነካችና አሰበች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና አንድ እግሯን አወረደች፣ ቆይታ ሁለተኛውን።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ወገብሽ ብቻ በሆነ ነበር። ግን ንጉሡ ተመቸኝ። ፀጉሬን አልበጠርም ስትል፣ "ንጉሡ ይሰማል" እላታለሁ፤ ጸጥ ብላ ትቀመጣለች። ምግብ ስትተው፣ "ንጉሡ እንቅልፋሙን 'ተገላበጥ' እንዳይለው" እላታለሁ፤ ትበላለች። አንቺን በዚህ ዓይነት አላሳደግኩሽም። አንቺን ያሳደግኩሽ ግን ከእናትሽ ጋር ነበር፣ ጉልበትም ነበረኝ። ይህን የምጽፈው ሰበብ ፍለጋ አይደለም። ሰበብ ነው ብትዪኝም አልከራከርሽም።

ታስታውሺ እንደሆነ፣ በዚያ ሰሞን ስትደውዪ የምትኖሪበት ከተማ መሬቱ ትንሽ እንደተንቀጠቀጠ ነገርሽኝ። ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ፣ አንዷ አሮጊት ባቡር መጣ ብላ ሻንጣዋን አነሣች ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። ከጎኔ ያለችው ጆሮ እንዳልሳቀች ልብ አላልኩም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አንድ ደንበኛ የኮቴ ኮሌታ ተቃጠለ ብሎ ይጮህብኛል። ሾርባዋን ሳትነካ ባንኮኒው ሥር መጥታ ሱሪዬን ጎተተችኝ።

"አባባ፣ ንጉሡ እንቅልፋሙን እናቴ ጋ የላከው እኔ ትናንት ስላልበላሁ ነው?"

ሰውየው ኮሌታውን አፍንጫዬ ሥር ይዞልኛል። "አዎ፣ እንግዲህ ሂጂና ብይ" አልኳት።

"ሁለተኛ እንዳይልክባት ምን ይፈልጋል?"

"የዝገት ንጉሥ ምን ይፈልጋል፣ ብረት ነዋ" አልኩና ወደ ሰውየው ዞርኩ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ? እኔ አላወቅኩትም። ሾርባዋን ጨርሳ ሳህኗን አጥባ ስታስቀምጥ አይቼ ደስ እንዳለኝ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ኮቱን ይዤ ወደ ኋላ ገባሁ። ስመለስ የለችም። መጀመሪያ ጫማ ሠሪው ጋ ጠየቅኩ፣ ቀጥዬ መድኃኒት ቤቱ። ትምህርት ቤቷ ድረስ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ መሮጥ ከተባለ። የማገኘውን ሰው ሁሉ አስቆማለሁ፣ የለበሰችውን ግን መናገር አቃተኝ። የሰው ልብስ በክሩ የምለይ ሰውዬ የራሴ ልጅ ምን እንደለበሰች አላስታውስም ነበር። ስመለስ የመድኃኒት ቤቷ ሴት ባንኮኒያችን ጋ ቆማ የመርፌ ቁልፍ የማኖርበትን ቆርቆሮ ይዛለች። "ጋሼ፣ ይሄ ባዶ ነበር?" አለችኝ። ቀና ስል ቁልፎቹ የሚንጠለጠሉበት ምስማር ራሱ የለም፤ ነቅላዋለች። ያኔ "አዎ" ያልኳት ቃል ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። በሩ ከባድ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ራሱ ተመልሶ ይዘጋል፣ ከተዘጋ ደግሞ ከውስጥም ከውጭም ያለ ቁልፍ አይከፈትም። ብንጣራ ድምፅ የለም። ሌላው ቁልፍ ያለው የሕንፃው ጠባቂ እጅ ነው፣ እሱም አልነበረም። ጫማ ሠሪው መዶሻና መሮ ይዞ መጣና መቆለፊያውን ይሰብር ጀመር። እኔ በሩን በመዳፌ እየመታሁ ስሟን እጠራለሁ። ከውስጥ የሚመጣው የቦይለሩ ጉርምርምታ ብቻ ነው።

ሲከፈት ሙቀቱ ፊታችንን መታን። ከኋለኛው ቱቦ ሥር፣ ከፍሳሹ ወንፊት አጠገብ ተቀምጣለች። ላብ አጥምቋታል። መርፌውንም፣ ምስማሩንም፣ ማንኪያዋንም፣ የቁልፎቹን ቀለበት ጭምር በወንፊቱ ከትታዋለች። ወደ ወንፊቱ ስትጎነበስ ክንዷ ቱቦውን ነክቶት ከክርኗ በታች ቆዳው ተነሥቷል። አላለቀሰችም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ "ቀስ በሉ፣ እሺ ብሎኛል" አለችን።

"ማነው እሺ ያለሽ?" አላት ጫማ ሠሪው።

"ንጉሡ። ብረቱን ወሰደ። እናቴ ጋ እንዳይገላበጥ ይነግረዋል።"

ጫማ ሠሪው መዶሻውን እንደያዘ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ አቅፌ አወጣኋት። ስንጣራ ለምን እንዳልመለሰች ስጠይቃት ንጉሡ እንዳይቆጣ ፈርታ እንደሆነ ነገረችኝ።

ክሊኒክ ወስደናት ታከመች። ቁስሉ እየደረቀ ነው፣ ጣቶቿም እንደ ልብ ይንቀሳቀሳሉ፤ ለዚህ አትስጊ። ጠባሳ ግን ይቀራል ብላኛለች ነርሷ።

አሁን ወደ ቅዳሜው ስልክ ልምጣ። እጄን አመመኝ ብላ ስትነግርሽ እኔ ስልኩን ቀበል አደረግኩና ሻይ ፈሶባት ነው አልኩሽ። ተቆጣሽ። "ትኩስ ነገር ልጅ አጠገብ ይቀመጣል እንዴ አባዬ?" አልሽ። ከዚያ ለእሷ ስጣት ብለሽ ጠየቅሻት። ልጅሽ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ራሴን ነቅነቅ አደረግኩላት። "አዎ እማዬ፣ ሻይ ነው" አለችሽ። ቀጥለሽ ደግሞ እኔን፣ "ይቅርታ አባዬ፣ ደክሞኝ ነው የጮህኩብህ" አልሽኝ። እኔም ምንም አይደል ብዬ ይቅርታሽን ተቀበልኩ። በሕይወቴ የሰው ነገር ወስጄ አላውቅም፤ ያን ይቅርታ ግን ወሰድኩብሽ።

ስልኩ እንደተዘጋ፣ "አባባ፣ ልክ አልኩ?" አለችኝ።

ፀጉሯን ዳሰስኩና ወደ ሥራዬ ገባሁ። የዚያን ቀን የተኮስኩትን ሱሪ ሁሉ በማግስቱ ደግሜ ተኩሻለሁ፤ ሁለት ሁለት መስመር ነበረው።

ለማረም አልሞከርኩም እንዳትዪኝ። አስቀምጬ ነገርኳት። ንጉሥም የለም፣ እንቅልፋምም የለም፣ ሁለቱንም ከራሴ ነው ያወጣኋቸው አልኳት።

"አንተ ነህ ያመጣኸው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ አንተው እዘዘው። 'እናቷን ተዋት' በለው።"

"የሌለ ነገር እንዴት ይታዘዛል ልጄ?"

"ታዲያ እናቴ ጋ መሬቱን ማን ነቀነቀው?"

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የማውቀውን ያህል አስረዳኋት፤ ብዙም አላውቅም። በሌላ ቀን የቦይለሩን ጥገና ባለሙያ ለምኜ እጇን ይዤ አብረን ወረድን። ክዳኑን ከፍቶ እሳቱን አሳያት፣ ውሃው ሲፈላ ለምን እንደሚያጓራ ነገራት። በትሕትና ሰማችው፣ አመሰገነችው። ደረጃውን ስንወጣ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ "ይሄ ቦይለር ነው አባባ፣ አውቀዋለሁ። እንቅልፋሙ ከዚህ በታች ነው" አለችኝ።

ልጄ፣ ሳልነግርሽ ልዘጋው የፈለግኩት ይህ የሚከተለው ነው። አሁን የሰጧትን ሁሉ ትበላለች። ማንም ሳይነግራት ሳህኗን አሟጣ፣ ብትጠግብም እያነቃት ትውጠዋለች። ጎረቤት፣ "ልጅቷ ወዛች፣ እጅህ ይባረክ" ይለኛል። እኔ ከፊቷ ተቀምጬ የምታኝከውን አያለሁ። ለራሷ አይደለም የምትበላው። አንዲት ጉርሻ ብትተርፍ አንቺ ላይ ቤት የሚፈርስ ይመስላታል። በቃሽ ተዪው ስላት እንባዋ ይመጣል። ትናንትና ደግሞ ሳህኑን ስናነሣ፣ "እናቴ መጀመሪያውኑ የሄደችው ሳልበላ ቀርቼ ነው?" አለችኝ። አይደለም ብዬ ማልኩላት። አየችኝ፣ ግን አላመነችኝም። ስለ ምን ታምነኛለች? አያዘውም ብዬ ያዘዋል አልኩ፣ አለ ብዬ የለም አልኩ፣ ቱቦ አቃጥሏት ሻይ ነው በዪ አልኳት።

ከእኔ አፍ የወጣውን እኔ መመለስ አልቻልኩም። ካንቺ ከሰማችው ግን ትቀበለው ይሆናል። ስለዚህ አንቺው ንገሪያት። የሄድሽው በእሷ ምክንያት እንዳልሆነ፣ ያችን መሬት ማንም እንዳልነቀነቃት፣ ብትበላም ባትበላም አንቺ እንደምትመለሺ። በችኮላ ሳይሆን ቀስ ብለሽ ንገሪያት፤ ጥያቄ ታበዛለች፣ አንዱንም ሳታልፊ መልሺላት።

እህትሽ ሁሉንም ሰምታለች። ልጅቷ ወደ እኔ ትምጣ ብላለች። እኔ እምቢም እሺም አላልኩም፤ ውሳኔው ያንቺ ነው። ከሱቃችን የተሻለ አየር ያለው ክፍል አላቸው፣ ልጆችም አሉ። የምትሄድ ከሆነ ልብሶቿን ሁሉ አጥቤ ተኩሼ አዘጋጅቻለሁ፤ ያጠረባትንም ጫፉን ለቅቄዋለሁ። ሥራሽን ጥለሽ ነይ እያልኩሽ አይደለም። ውልሽን ጨርሺ። ይህን የምለው ነይ ያልኩሽ እንዳይመስልሽ ነው፤ ደግሞ ብትመጪም በሩ ክፍት ነው።

ደብዳቤው ደርሶሽ ስትደውዪ፣ መጀመሪያ እሷን አገናኘኝ በዪኝ። ስልኩን ሰጥቻት እወጣለሁ። በሩ ላይ አልቆምም፤ በሩ ላይ ከቆምኩ ዞር ብላ ታየኛለች፣ ደግሞ ያልሆነውን ትልሻለች። መንገዱን ተሻግሬ ከጫማ ሠሪው ደጃፍ እቀመጣለሁ። ከዚያ ሆኖ ምንም አይሰማም። የፈለገችውን ትንገርሽ፣ ስለ እኔም ቢሆን ያሰኛትን ትበል። ጨርሳ እስክትጠራኝ አልመጣም። ካልጠራችኝም እዚያው እቆያለሁ።

የምትውዪበት ቤት ደግ ሰው አያሳጣሽ። ወጥተሽ መግባትሽ የሰላም ይሁን። በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

አፉ የቀደመው
አባትሽ